ሲኤስአርኤፍን በምን እንከላከል? ቶክን፣ ሳምሳይት ወይስ የሄደር ፍተሻ

ሲኤስአርኤፍ (CSRF) ማለት አንድ ባዕድ ገጽ በተጠቃሚው ብሮውዘር ተጠቅሞ በስሙ ትዕዛዝ የሚያስልክበት ጥቃት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዌብሳይት የሚሠራ ሰው ይህችን የስልክ ጥሪ ያውቃታል። ደንበኛው ይደውላል። «ፎርሙን ሞልቼ ጨርሼ ስልከው 419 ብሎ ሁሉንም ጥርግ አደረገብኝ» ይላል። 419 የሲኤስአርኤፍ ፍተሻው ሳይሳካ ሲቀር የሚመጣ የስህተት ቁጥር ነው። ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ ጎግል ያደርጋል። ከሚያገኛቸው መልሶች አንዱ «ያንን ገጽ ከሲኤስአርኤፍ ፍተሻ አውጣው» ይለዋል። ያወጣዋል። ደንበኛው ይመርቀዋል። በሩ ግን ክፍቱን ቀረ።

ስለዚህ እዚህ መከላከያዎቹን ሳወዳድር «የትኛው ጠንካራ ነው?» ከሚለው እኩል «የትኛውን ነው ነገ ተማረን የማናጠፋው?» እያልኩ ነው። ሁሉም ነጻ ናቸው። የሚያስወጡት ሰዓት ነው።

ጥቃቱ እንዴት ነው?

አንድ የቁጠባ ማህበር አባል ማህበሩ ዌብሳይት ላይ ገብቷል እንበል። ብሮውዘሩ ኩኪውን (ሰውየው መግባቱን ለሰርቨሩ የሚያሳየውን ትንሽ መለያ) ይዟል። ትንሽ ቆይቶ ቴሌግራም ላይ «የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ስም ዝርዝር» የሚል ሊንክ ያገኛል። ይነካዋል፤ እዚያው ብሮውዘር ላይ ይከፈታል። ገጹ ውስጥ የማይታይ ፎርም አለ። የሚላክበት አድራሻ የማህበሩ «ስልክ ቁጥር ቀይር» ገጽ ነው። ገጹ እንደተከፈተ ፎርሙ ራሱን ይልካል። ብሮውዘሩም እንደ ልማዱ ኩኪውን ያያይዝለታል። ሰርቨሩ የሚያየው የታወቀ አባል በሥርዓቱ ገብቶ ቁጥር ሲቀይር ነው። ከዚያ በኋላ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ለሌባው ስልክ ነው።

የሰፈር ሱቅ ዱቤን አስቡት። ባለሱቁ ልጁን ያውቀዋል፤ የማን ልጅ እንደሆነም ያውቃል። ብጣሽ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የተጻፈውን ይሰጠዋል፤ ሂሳቡን አባትየው ስም ላይ ይጽፋል። ወረቀቱን መንገድ ላይ ያስያዘው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

አጥቂው የይለፍ ቃል አልሰረቀም። ኩኪውንም አላየውም። የሰርቨሩን መልስ እንኳ ማንበብ አይችልም። ያስላከው ትዕዛዝ መፈጸሙ ብቻ ይበቃዋል።

ጥቃቱ አዲስ አይደለም። ስሙን ያገኘው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። በ2006 ኔትፍሊክስ ላይ በዚህ መንገድ የደንበኛን የመላኪያ አድራሻ መቀየር እንደሚቻል ታይቷል። ኦዋስፕ የተባለው የዌብ ደህንነት ድርጅት በየጊዜው በሚያወጣው የ10 ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር በ2007 እና በ2010 አምስተኛ፣ በ2013 ስምንተኛ ነበር። ከ2017ቱ ዝርዝር ወጣ። የወጣው ፍሬምወርኮች (እንደ ላራቬልና ጃንጎ ያሉ የዌብሳይት መሥሪያ ማዕቀፎች) መከላከያውን አብረው ማቅረብ ስለለመዱ ነው። ያንን መከላከያ ያጠፋ ሰው ራሱን ወደ 2007 ይመልሳል።

በመጀመሪያ መመዘኛዎቹ

አራት ነገር እመለከታለሁ። አንደኛ፣ ምኑን ያስቆማል? ከባዕድ ሳይት የሚመጣውን ብቻ ነው ወይስ ከራሳችሁ ሰብዶሜን (በዋናው ስማችሁ ሥር ካለ ሌላ አድራሻ) የሚነሳውንም? ሁለተኛ፣ ቅን ተጠቃሚውን ምን ያህል ያስቸግራል? መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ ከክፍያ ገጽ ሲመለስ። ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ መከላከያ የሚጠፋው በአጥቂ ሳይሆን በተማረረ ደንበኛ ነውና። ሦስተኛ፣ አሮጌ ስልክ ላይ ይሠራል? አራተኛ፣ እናንተ አስረክባችሁ ከወጣችሁ በኋላ ማን ይንከባከበዋል?

አማራጭ ከመምረጥ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ። ብሮውዘሩ የተጠቃሚውን ማንነት በራሱ ይልካል ወይ? በኩኪ ከሆነ አዎ። የሠራችሁት በፍላተር የተሠራ የስልክ አፕ ከሆነና የመግቢያ ቶክኑን «ኦቶራይዜሽን» በሚባለው ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚሄድ የመረጃ መስመር) ላይ እናንተው የምታስገቡት ከሆነ ግን አብሽሩ፣ ሲኤስአርኤፍ አያገኛችሁም። ይህን ሰምቶ ዌብሳይቱንም ወደዚያ የሚያዞር አለ፤ ቶክኑን ሎካል ስቶሬጅ (ስክሪፕት የሚያነበው የብሮውዘር ማስቀመጫ) ውስጥ ያስቀምጣል። ያኔ ሲኤስአርኤፍ ይቀርለታል። ነገር ግን ገጹ ላይ የገባ አንድ ባዕድ ስክሪፕት ቶክኑን አንብቦ ይዞት ይሄዳል። እኔ ኤችቲቲፒኦንሊ የሆነ (ስክሪፕት ሊያነበው የማይችል) ኩኪ ላይ እቆያለሁ።

እግረ መንገዴን፣ እነዚህን መከላከያ ናቸው ብላችሁ አትቁጠሩ። ኤችቲቲፒኤስ አያስቆመውም። ጌትን (ገጽ መጠየቂያውን) ትቶ ፖስት (መረጃ መላኪያውን) ብቻ መቀበልም አያስቆመውም፤ ከላይ ያየነው ፎርም ፖስት ነው። ኮርስም (CORS፣ ሌላ ሳይት የሰርቨሩን መልስ ማንበብ መቻሉን የሚወስነው የብሮውዘር ደንብ) እንዲሁ፤ መልሱ እንዳይነበብ ይከለክላል እንጂ ተራ ፎርም እንዳይላክ አያደርግም።

1. ሴሽን ውስጥ የሚቀመጥ ቶክን

ሰርቨሩ የማይገመት ቁጥር (ቶክን) ያወጣል። ሴሽን (ሰርቨሩ ስለ ተጠቃሚው የሚይዘው ጊዜያዊ መዝገብ) ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ፎርሙም ውስጥ ይደብቀዋል። ፎርሙ ሲመለስ ሁለቱን ያመሳክራል። የአጥቂው ገጽ የእናንተን ገጽ ማንበብ ስለማይችል ቁጥሩን አያውቀውም። ላራቬል የሚሠራው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው መመዘኛ የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል። ከሰብዶሜን የሚነሳውንም ያስቆማል። ብሮውዘሩ የቱንም ያህል ቢያረጅ ግድ የለውም። ችግሩ ሁለተኛው መመዘኛ ላይ ነው።

ከሚሴ ያለ የማህበር ጸሐፊ የአባላት ዝርዝር እየሞላ መብራት ጠፋ እንበል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ዋይፋዩ ግን ሞቷል። መብራቱ ሲመለስ ከሁለት ሰዓት በላይ አልፏል። ላራቬል ካልተነገረው በቀር ሴሽንን የሚያቆየው 120 ደቂቃ ነው። ጸሐፊው «ላክ» ይላል፤ 419 ይመጣል። ወደኋላ ሲመለስ የጻፈው አለ፣ ቶክኑ ግን ያው አሮጌው ነው። እንደገና 419። ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርግ አዲስ ቶክን ይመጣል፣ የጻፈው ይጠፋል። ይሄኔ ነው ስልክ የሚደወለው።

መፍትሔው ፍተሻውን ማጥፋት አይደለም። የሴሽኑን ዕድሜ ለአንድ የሥራ ቀን እንዲበቃ አድርጉት። ረዥም ፎርም ከሆነ የተጻፈውን እየተከታተላችሁ ብሮውዘሩ ውስጥ በረቂቅነት አስቀምጡ፤ የይለፍ ቃል ግን አይቀመጥ። የ419 ገጹንም በአማርኛ ጻፉት፤ «ገጹ ብዙ ቆይቷል፣ እንደገና ይግቡ፣ የጻፉት አልጠፋም» ይበል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቅሬታው በአብዛኛው እዚህ ያልቃል።

ሌላው ወጥመድ ካሽ ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ገጹን ሙሉ በሙሉ ካሽ ታደርጋላችሁ (ቅጂውን አስቀምጣችሁ ያንኑ ለሁሉም ታቀርባላችሁ)። የአንዱ ተጠቃሚ ቶክን አብሮ ይቀመጥና ለሁሉም ይታደላል። ከዚያ ማንም ፎርም መላክ አይችልም። ፎርም ያለበትን ገጽ ከካሽ አውጡት።

ዎርድፕሬስ የራሱ ዓይነት ቶክን አለው፤ «ኖንስ» ይለዋል። ዕድሜው እስከ 24 ሰዓት ነው። የራሳችሁን ፕለጊን ስትጽፉ ማጣራቱን መርሳት የለባችሁም። ኖንሱ ሰውየው ያንን የማድረግ ፈቃድ እንዳለው አይናገርም፤ ፈቃዱን ለብቻው ጠይቁ።

2. ድርብ ኩኪ

እዚህ ሰርቨሩ ምንም አያስቀምጥም። አንድ ቁጥር ኩኪ ውስጥም ፎርም ውስጥም ያስገባል፤ ሲመለሱ እኩል መሆናቸውን ያያል። ሴሽን ማስቀመጫ ለሌለው ሲስተም ይመቻል።

ደካማ ጎኑ ሰብዶሜን ነው። አንድ ሰብዶሜን ለዋናው ዶሜን ኩኪ መጻፍ ይችላል። አንዱ ተረስቶ የቀረ የድሮ ብሎግ ከተጠለፈ አጥቂው የራሱን ቁጥር በሁለቱም ቦታ አስገብቶ እኩል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሴሽኑ መለያ ጋር በኤችማክ (HMAC፣ በሚስጥር ቁልፍ የሚሠራ ፊርማ) ፈርሙት። የኩኪውንም ስም «ሆስት» (__Host-) በሚለው ቅድመ ቅጥያ ጀምሩት፤ ያኔ ሰብዶሜን ሊጽፈው አይችልም።

ጃንጎ ካልቀየራችሁት በስተቀር ቁጥሩን በኩኪ ነው የሚይዘው። ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ ተጠቃሚው ሎግኢን ሲያደርግ ብቻ ይታደሳል። ለዚያ የከሚሴ ጸሐፊ የቶክን ጣጣው በጣም ይቀልለት ነበር። ጃንጎ ከሰብዶሜን የሚመጣውን ጉድለት የሚሸፍነው ኦሪጂን እና ሪፈረር ሄደሮችን (ጥያቄው ከየት እንደተነሳ የሚናገሩትን) አብሮ በማየት ነው። ኤክስፕረስ የተባለውን የኖድ ጄኤስ ፍሬምወርክ የምትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ትምህርት ላይ ያለው «ሲሰርፍ» (csurf) የሚባለው ፓኬጅ በ2022 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጥቷል። አዲስ ሥራ ላይ አታስገቡት።

3. ሳምሳይት

ሳምሳይት (SameSite) የኩኪ ቅንብር ነው። አንድ ቃል ኩኪው ላይ ትጨምራላችሁ፤ ብሮውዘሩ ከሌላ ሳይት ለሚነሳ ጥያቄ ኩኪውን አያያይዝም። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ሳምሳይት አለኝ፣ ቶክን ምን ያደርግልኛል?» የሚለው። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ላስረዳ።

«ስትሪክት» ካላችሁት ከሌላ ሳይት በሊንክ የመጣ ሰው ሎግኢን አድርጎ ሳለ እንዳልገባ ሆኖ ይታያል። «ላክስ» ካላችሁት በሊንክ የመጣ ጌት ኩኪውን ይዞ ይገባል፤ ፖስት ግን አይዝም። ስለዚህ ላክስ የሚጠቅመው ጌት ምንም ነገር በማይቀይርበት ሲስተም ነው። «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ ተራ ሊንክ ከሆነ ላክስ አያድናችሁም።

ምንም ካላላችሁስ? ክሮም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልተነገረውን ኩኪ እንደ ላክስ መቁጠር ጀምሯል። ታዲያ አዲስ ለተሰጠ ኩኪ የሁለት ደቂቃ ምሕረት አለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከውጭ የመጣ ፖስት ኩኪውን ይዞ ይገባል። ሳፋሪና ፋየርፎክስ ደግሞ የክሮምን ልማድ አልተከተሉም። ስለዚህ ለብሮውዘሩ አትተዉት፤ በግልጽ ጻፉት። ላራቬልና ጃንጎ ላክስን ራሳቸው ይጽፋሉ። ተራ ፒኤችፒ ግን ካልነገራችሁት ባዶ ይተወዋል።

ትልቁ ነጥብ ግን «ሳይት» የሚለው ስፋቱ ነው። ሰብዶሜኖች ሁሉ አንድ ሳይት ናቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የምዝገባ፣ የቤተ መጻሕፍትና የተማሪዎች ክበብ ገጾችን በራሱ ስም ሥር ካደረገ፣ የክበቡ ገጽ ሲጠለፍ ሳምሳይት ለምዝገባው ምንም አይሠራለትም። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሁለቱም በኢዱ ነጥብ ኢቲ ቢጨርሱም የተለያዩ ሳይቶች ናቸው፤ ብሮውዘሮች ኢዱ ነጥብ ኢቲን የጋራ ቅጥያ አድርገው ይዘውታል።

የክፍያ ጉዳይም አለ። ደንበኛው ከእናንተ ሱቅ ወደ ክፍያ ገጽ ሄዶ ይመለሳል። መመለሻው ፖስት ከሆነ ላክስ ኩኪውን ያስቀረዋል፤ ብሩን ከፍሎ «እባክዎ ይግቡ» ይባላል። መመለሻውን ጌት አድርጉት። ይህን ለመሸሽ ሳምሳይቱን «ነን» (None፣ ማለትም ገደብ የለም) ያላችሁት እንደሆነ መከላከያው ጭራሽ ይጠፋል፤ ከዚያ ላይ አይኦኤስ 12 ላይ የቀሩ አይፎኖች «ነን»ን እንደ ስትሪክት ያነቡታል። የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር በቀጥታ የሚልከው የማረጋገጫ መልእክት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ኩኪም ቶክንም የለውም፤ ከሲኤስአርኤፍ ፍተሻ ማውጣት ትክክል የሚሆነው እዚህ ነው። በፊርማው አረጋግጡት።

4. የሄደር ፍተሻ

አሁን አሁን ልቤ ወደዚህ እያደላ ነው። ብሮውዘሩ ራሱ ጥያቄው ከየት እንደተነሳ ይናገራል። ሴክ-ፌች-ሳይት የሚባለው ሄደር «ከዚያው ኦሪጂን» (ፕሮቶኮሉ፣ ስሙና ፖርቱ አንድ ከሆነ አድራሻ)፣ «ከዚያው ሳይት»፣ «ከሌላ ሳይት» ወይም «ተጠቃሚው ራሱ ነው» ይላል። ገጽ ላይ ያለ ስክሪፕት ሊያስመስለው አይችልም። እናንተ መረጃ የሚቀይር ጥያቄ ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ትቀበላላችሁ። ቶክን የለም፤ ስለዚህ 419 የለም። ካሽም ችግር የለበትም። የጎ ቋንቋ ከ1.25 ጀምሮ ይህን ፍተሻ ራሱ ውስጥ አካትቶታል።

ክሮም ከስሪት 76፣ ፋየርፎክስ ከ90፣ ሳፋሪ ከ16.4 ጀምሮ ይልኩታል። አሮጌ አንድሮይድ ብዙም አያስጨንቅም፤ አንድሮይድ 5 ላይ የቆመው ክሮም እንኳ 95 ነው። የሚያስቸግረው አይፎን 7 ነው። አይኦኤስ 15 ላይ ስለቆመ ሄደሩን አያውቀውም። ለእሱ ኦሪጂን የሚለውን ሄደር ከሆስት (ጥያቄው ከተላከበት ስም) ጋር አመሳክሩ። ሁለቱም ከሌሉና ኩኪ ካለ እምቢ በሉ።

ሁለት እንቅፋት ልንገራችሁ። ሴክ-ፌች ሄደሮች የሚመጡት በኤችቲቲፒኤስ ወይም በሎካልሆስት (እዚያው ኮምፒውተር ላይ) ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰርቨሩ 192.168 በሚጀምር አድራሻ ያለ ኤችቲቲፒኤስ የሚሠራ ከሆነ አይመጡም፤ የኦሪጂን ማመሳከሪያው ብቻ ይቀራችኋል። ሁለተኛው ኤንጂንኤክስ (ከአፑ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ) ነው። ካልነገራችሁት በቀር ሆስቱን ወደ ውስጥ ሲያስተላልፍ በሌላ ስም ይተካዋል። ያኔ ንጽጽሩ አይገጥምም፤ ቅን ተጠቃሚው ሁሉ ይመለሳል። ዋናውን ሆስት እንዲያስተላልፍ አዘጋጁት። ጃንጎን ወደ 4.0 ያሳደጋችሁ ደግሞ የታመኑ ኦሪጂኖች ዝርዝር ላይ ኤችቲቲፒኤስ የሚለውን ፊት ላይ መጨመር አለባችሁ።

የቀሩት ሁለት

በጃቫስክሪፕት ብቻ ለሚሠራ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት በር) የራሳችሁን ሄደር መጠየቅ ትችላላችሁ። ተራ ፎርም እንዲህ ያለ ሄደር መላክ አይችልም፤ ባዕድ ስክሪፕት ሊልክ ቢሞክርም ብሮውዘሩ አስቀድሞ ሰርቨራችሁን ያስፈቅዳል። ኮርሱን ለሁሉም ከከፈታችሁት ግን ዋጋ የለውም። «ጄሰን ብቻ ስለምቀበል ደህና ነኝ» ማለትም አይበቃም። ፎርም ዓይነቱን ተራ ጽሑፍ ብሎ ጄሰን የሚመስል ነገር መላክ ይችላል።

ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ፣ ስልክ ወይም የይለፍ ቃል ለሚቀይር ገጽ የይለፍ ቃሉን እንደገና መጠየቅ ከሁሉም በላይ ያስተማምናል። በየገጹ ካደረጋችሁት ግን ሰው ይሸሻችኋል።

| መከላከያ | ከባዕድ ሳይት | ከሰብዶሜን | መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ | አሮጌ ስልክ | ሥራው |
|---|---|---|---|---|---|
| የሴሽን ቶክን | ያስቆማል | ያስቆማል | ያስቸግራል፤ ይስተካከላል | ይሠራል | ፍሬምወርክ ካለ ቀላል |
| የተፈረመ ድርብ ኩኪ | ያስቆማል | ያስቆማል | እንደ ኩኪውና ሴሽኑ ዕድሜ | ይሠራል | መካከለኛ |
| ያልተፈረመ ድርብ ኩኪ | ያስቆማል | አያስቆምም | እንደ ኩኪው ዕድሜ | ይሠራል | ቀላል |
| ሳምሳይት ላክስ | ፖስቱን ያስቆማል | አያስቆምም | አያስቸግርም | በጣም አሮጌው ላይ አይሠራም | አምስት ደቂቃ |
| የሄደር ፍተሻ | ያስቆማል | ያስቆማል | አያስቸግርም | ከኦሪጂን ጋር ይሠራል | ቀላል፤ ፕሮክሲውን ማየት |
| የራስ ሄደር | ያስቆማል | ኮርስ ካልተከፈተ ያስቆማል | አያስቸግርም | ይሠራል | ለኤፒአይ ብቻ |
| የይለፍ ቃል እንደገና | ያስቆማል | ያስቆማል | ትንሽ ያሰለቻል | ይሠራል | ለጥቂት ገጾች |

ታዲያ ለማን የቱ?

ኮምቦልቻ ላይ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ በዎርድፕሬስ ካላችሁ ምንም አዲስ ነገር አትግዙ። ዎርድፕሬሱንና ፕለጊኖቹን አድሱ፤ የማይታወቅ ፕለጊን አስወግዱ። ፎርም ያለበትን ገጽ ካሽ አታድርጉ። ከዚህ በላይ ማውጣት ለእናንተ ትርፍ ነው።

ላሊበላ ላይ እንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ቦታ ማስያዣ ካሠራ አብዛኛው እንግዳ ሎግኢን አያደርግም። መጠበቅ ያለበት የባለቤቱ መቆጣጠሪያ ገጽ ነው። ለእሱ ስትሪክትም አይከብደውም፤ በሊንክ አይመጣበትምና። በዚያ ላይ የፍሬምወርኩ ቶክን ይጨመር።

የቁጠባ ማህበር ወይም ብድር የሚሰጥ ሲስተም ከሆነ አትቆጥቡ። የሴሽን ቶክን፣ ላክስ፣ የሄደር ፍተሻ፣ ስልክና ሂሳብ ሲቀየር ደግሞ የይለፍ ቃል። አራቱንም። ሎግኢን ፎርሙንም አትርሱ፤ አጥቂ ሰውን በራሱ አካውንት አስገብቶ የሰውየውን መረጃ እዚያ እንዲሞላ ማድረግ ይችላል።

ብዙ ሰብዶሜን ላለው ትልቅ ተቋም ሳምሳይትን እንደ ተጨማሪ ቁልፍ ብቻ ቁጠሩት። ዋናው ቶክን ወይም የሄደር ፍተሻ ይሁን፤ «ከዚያው ሳይት» የሚለውንም እምቢ በሉ። አዲስ ሲስተም ከባዶ ለሚጀምር ትንሽ ቡድን ደግሞ የሄደር ፍተሻና ላክስ ይበቁታል ባይ ነኝ። ኤክስኤስኤስ (XSS፣ ባዕድ ስክሪፕት ገጹ ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ) ካለባችሁ ግን ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ይታለፋሉ፤ ገጹ ውስጥ የገባ ስክሪፕት ቶክኑን ራሱ ያነበዋል። እሱን ቀድማችሁ ድፈኑት።

መሥራቱን እንዴት ታያላችሁ?

አፑን ሎካልሆስት 8000 ላይ አስነሱና ግቡ። ሌላ ተራ ኤችቲኤምኤል ገጽ ሎካልሆስት 9000 ላይ አስቀምጡ። ውስጡ ወደ 8000 የሚልክ ፎርም ይኑር። ሁለቱ ፖርቶች ለሳምሳይት አንድ ሳይት ናቸው፤ ስለዚህ ኩኪው አብሮ ይሄዳል። ኦሪጂናቸው ግን ይለያያል። ፎርሙን ላኩ። 403 (ተከልክሏል) ወይም 419 ከመጣ ቶክናችሁ ወይም የሄደር ፍተሻችሁ በእርግጥ ይሠራል። መረጃው ከተቀየረ እስከ ዛሬ የያዛችሁ ሳምሳይት ብቻ ነበር። ቀጥሎ የ9000ውን ገጽ በ127.0.0.1 ክፈቱትና እንደገና ላኩ፤ አሁን ብሮውዘሩ ሌላ ሳይት ብሎ ስለሚቆጥረው ላክስ መሥራቱን ታያላችሁ። ከፍተሻ ያወጣችኋቸውን ገጾች ዝርዝር ከኮዱ አውጡና ለእያንዳንዱ ይህንኑ ድገሙት።